ማን ቀመሰው?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለኝም። ከጅማ፣ ከቤቴ ነው የምቀዳው። ሰማዩ ጠቁሯል። ቆርቆሮው መጮህ ከጀመረ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ የጅማ ክረምትና ማይክ ተዋደው አያውቁም።

ዛሬ የማወራው ስለ መጠጥ ነው። ጠጡ ወይ አትጠጡ ልላችሁ አልመጣሁም፣ እሱን የሚነግራችሁ ሰው አታጡም። ወታደር ሆኖ፣ ሰው ሀገር ሄዶ፣ ጦርነት መሀል የሚጠጣ ነገር ስለመፈለግ ነው የማወራው። "የሚጠጣ" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። እኔ ባየሁት መጠጥ ጠፍቶ አያውቅም። ከልካይ በበዛበትም ይገኛል፣ በረሃ ላይም ይገኛል። የሚቸግረው የሚጠጣውን ከማይጠጣው መለየት ነው።

ይህን ታሪክ ከ15 ዓመት በላይ በሆዴ ይዤው ኖሬያለሁ። ለእናቴ ብቻ ነው አንዴ የነገርኳት። ስለዚህ ቃላት ቢጠፉብኝ ታገሱኝ።

ከእናቴ ልጀምር።

እኔ የአረቄ አውጪ ልጅ ነኝ። እማዬ ሄርማታ በነበረው ቤታችን ጓሮ አረቄ አውጥታ ነው አራታችንን ያሳደገችው። "ሄርማታ ላይ አረቄ?" የምትሉ የጅማ ልጆች ትኖራላችሁ። አዎ። ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ። እሷም ታውቃለች፣ እነሱም ያውቃሉ። ሽታው ወደነሱ ግቢ እንዳይሄድ ንፋሱ በየት እንደሚነፍስ አይታ ነበር እሳት የምታነደው። ለፋሲካ ደግሞ ለነሱ ለብቻ ቀሪቦ ታዘጋጃለች፣ ጠላም አረቄም ነክቶት በማያውቅ ባለ ቀይ ክዳን ባልዲ። በዚያ ባልዲ ውሃ እንኳ የቀዳን ቀን ጉድ ይፈላ ነበር።

አረቄ ሲወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጌሾው፣ ብቅሉና እንኩሮው ተደፍድፎ ሰንብቶ፣ ሲደርስ ማሰሮ ውስጥ ይገባና እሳት ላይ ይጣዳል። አፉ ላይ መቃ ይሰካል፣ እንፋሎት እንዳያመልጥ ዙሪያው በጭቃ ይመረጋል። የመቃው ሌላው ጫፍ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ ውስጥ ይገባል። እንፋሎቱ በመቃው ይሄድና እዚያ ሲደርስ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። የኔ ሥራ ውሃውን መቀየር ነበር። እጄን እየነከርኩ አያለሁ፣ ለብ ካለ ቀዝቃዛ አመጣለሁ። ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ ስለሆነ ፊደል ሳልቆጥር በፊት የውሃ ሙቀት በእጄ አውቅ ነበር።

ገዢ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርገው ክብሪት መጫር ነው። ትንሽ አረቄ ጠረጴዛ ላይ ጠብ ያደርግና ያነደዋል። በሰማያዊ ነበልባል ከነደደ "ዳግም ነው፣ ይሄማ እሳት ነው" ብሎ ይደሰታል። እማዬ እየሳቀች "እሳቱ ብርታቱን ነው የሚነግርህ፣ ደግነቱን አይነግርህም" ትላለች። ያኔ ለማሳመር የምትለው ይመስለኝ ነበር።

ሌላ ነገር ነበራት። መለኪያውን ለሰው ከመስጠቷ በፊት ጠብታ በመዳፏ ላይ ታንጠባጥብና ትቀምሳለች። ሁልጊዜ። ሃያ ዓመት የምታውቀው ደንበኛ ቢሆንም። ይህ የሷ ፈጠራ አይደለም፣ እናንተም ቤት ይኖራል። በድሮ ግብር ላይ ጠጅ አሳላፊው በመዳፉ ተቀብሎ ሳይጠጣ ለጌታው አይሰጥም ነበር። መርዝ የለበትም ማለቱ ነው። ዛሬ ወግ ሆኖ ቀርቷል። ለምን እንደሚደረግ የሚጠይቅ የለም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ከደንበኞቿ አንዱ ባሻ ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ ባሻ ነው የሚላቸው። ማታ ማታ ይመጣሉ፣ ጥግ ያለችው ዱካ ላይ ይቀመጣሉ፣ አንድ መለኪያ ይጠጣሉ። ሁለተኛ ሲጠጡ አይቼ አላውቅም። ኮሪያ ዘምተው ነበር፣ በቃኘው ሻለቃ። ከታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር በኋላ ብዙ የክቡር ዘበኛ ሰው በየክፍለ ሀገሩ ሲበታተን እሳቸውን ጅማ ጣላቸው። ቡና መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ ይሠሩ ነበር።

ቃኘው የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። በኋላ ኮንጎ የዘመተው ደግሞ ጠቅል ብርጌድ ተባለ፣ እሱም የንጉሡ የፈረስ ስም። ባሻ "የዘመቱት ፈረሶቹ ናቸው፣ እኛ ጭነት ነበርን" ይሉ ነበር።

የመጀመሪያው ቃኘው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ነው ከአዲስ አበባ የተነሳው። ጅቡቲ ላይ የአሜሪካ መርከብ ተሳፍረው ሦስት ሳምንት ያህል ባሕር ላይ ቆዩና ፑሳን ወረዱ። ከዚያ በአሜሪካኖቹ 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር ሆነው ተዋጉ። በየተራ የሄደው ሁሉ ሲደመር 6,037 ሰው ነው። ከ120 በላይ እዚያው ወድቀዋል። አንድም ሰው አልተማረከም። ይህን ቁጥር ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ባሻ ግን ስለ ውጊያው አያወሩም ነበር። ብትጠይቃቸው ስለ ምግብና ስለ መጠጥ ነው የሚነግሩህ።

መርከቡ ላይ ጠብታ የለም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. ከ1914 ጀምሮ በመርከቦቹ ላይ መጠጥ ከልክሏል። እንግዲህ አስቡት፣ ከጅቡቲ እስከ ኮሪያ ሞገድ እየናጠህ፣ ምግቡ ስኳር ስኳር የሚል፣ ሥጋው ሳይቀር ስኳር ስኳር የሚል፣ በርበሬ የለ፣ እንጀራ የለ። ባሻ ስለዚህ ጉዞ ሲያወሩ ሁልጊዜ አንድ ልጅ ያነሳሉ። እናቱ ስትሸኘው ጌሾ በጨርቅ ቋጥራ ሻንጣው ውስጥ ከታለት ነበር። ምን ያደርግልኛል አላለም፣ ተቀበላት። መርከቡ ላይ ማታ ማታ ቋጠሮዋን ያወጣና ያሸታል። ከዚያ አጠገቡ ላለው ይሰጣል። በተራ ያሸታሉ። ሲጨርሱ መልሶ ይቋጥራታል።

እኔ ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ እስቅ ነበር። ቅጠል እያሸተቱ ወታደሮች! ባሻ አይስቁም።

ግንባር ሲደርሱ ቢራ ነበረ ይላሉ። የአሜሪካ ጦር ለወታደሮቹ ቢራ በነፃ ያድል ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1950 እዚያ ሀገራቸው ያሉ መጠጥ ተቃዋሚዎች ሲጮሁ በነፃ መታደሉ ቀረና በገንዘብ ሆነ። የኛዎቹ ሲደርሱ እንግዲህ የሚገዛ ነው። የጃፓን ቢራ። ዕረፍት ያገኘ ደግሞ ለጥቂት ቀን ጃፓን ይላካል፣ እዚያ ሁሉም ነገር አለ። ግን ባሻ "ቢራውን ትጠጣዋለህ፣ ያው ቢራ ነው፣ ያልፋል" ነው የሚሉት። ፈልገው የነበረው ጠላ ነው።

ሊጠምቁም ሞክረው ነበር። ዳቦ፣ ዘቢብ፣ ስኳር፣ እና የዚያ ልጅ ጌሾ። ልጁ ከስንት ልመና በኋላ ነው የሰጠው። ጀሪካን ውስጥ ጠንስሰው ክዳኑን አጥብቀው ዘጉት። ጥንስስ እንዲተነፍስ መተው እንዳለበት ከመካከላቸው የሚያውቅ የለም፣ ሁሉም የጠጪ ልጅ እንጂ የጠማቂ ልጅ አልነበረም። ሌሊት ጀሪካኑ ፈነዳ። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሁሉ መሣሪያውን ይዞ ወጣ። ባሻ እዚህ ጋ ብቻ ነበር የሚስቁት። ከዚያ ደግሞ ዝም ይላሉ፣ ምክንያቱም ጌሾው አለቀ።

ያገሬው መጠጥ ማኮሊ ይባላል። በሩዝ ነው የሚጠመቀው፣ ከስንዴ በሚሠራ እርሾ። ነጭ ነው፣ ድፍርስ። ባሻ "የሩዝ ጠላ ናት" ይሉታል። "ጌሾ የላትም፣ ስለዚህ አፍህን አትይዝህም፣ ጉልበትህን ነው የምትይዝህ።" አለቆች ከመንደር እንዳትገዙ ብለው አስጠንቅቀዋል። እነሱ ግን አንድ ቀን ከኋላ መስመር አንድ የፈረሰ ቤት አጠገብ አሮጊት አገኙ። አሮጊቷ ጎድጓዳ ሳህን ሞልታ ለባሻ ዘረጋች። ባሻ አልተቀበሉም። መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩዋት፣ ቅመሺ ማለታቸው ነው። አልገባትም። እንደገና መዳፋቸውን፣ አፋቸውን፣ ሳህኑን፣ እሷን እያፈራረቁ ጠቆሙ። አሮጊቷ አየቻቸው፣ ሳቀች፣ ሳህኑን አንስታ ግጥም አድርጋ ጠጣችው፣ ሙሉውን። ከዚያ ሌላ ቀድታ ሰጠቻቸው። "ያኔ ሀገሬ የገባሁ መሰለኝ" አሉኝ ባሻ።

እስቲ አንድ ጊዜ ላቋርጥ። ውሻው ይሰማችኋል? የጎረቤት ነው። ዝናቡም ጀመረ።

በመሀል አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ቆይቼ ነው ያወቅኩት፣ በጣም ነው የገረመኝ። ኮሪያ ውስጥ የሚወጣ መጠጥም አለ፣ ሶጁ። ማውጣቱን በ13ኛው መቶ ዓመት ሞንጎሎች ናቸው ያመጡላቸው፣ ሞንጎሎች ደግሞ ከዓረቡ ዓለም ነው ያገኙት። ኬሶንግ የምትባል ከተማ አለች፣ የተኩስ አቁም ድርድሩ መጀመሪያ የተከፈተባት። እዚያ ሶጁን አራክጁ ይሉታል። አራክ። የኛው አረቄ። ሱዳን ስትሄድ ደግሞ ዐረጊ ነው። ቃሉ ዓረብኛ ነው፣ ላብ ማለት ነው። ከመቃው ጫፍ ጠብ የሚለውን አይቶ ላብ ያለው ሰው፣ ማን እንደሆነ ባላውቅም፣ የእናቴን ጓሮ ያየ ይመስለኛል። ባሻ ይህን ሳይሰሙ ነው ያረፉት። ብነግራቸው ደስ ባላቸው።

እሺ። ወደኔው ልምጣ።

በ2001 ዓ.ም. ምዕራብ ዳርፉር ሄድኩ፣ ሰላም አስከባሪ ሆኜ። ሥራዬ ሬዲዮ ነበር። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1983 ሸሪዓ ሲታወጅ ካርቱም ላይ መጠጥ ወደ ዓባይ ተደፍቷል። እኛ በሄድንበት ጊዜ ጠጥቶ የተገኘ 40 ጅራፍ በሕግ የተጻፈ ነው። ሙስሊም ላልሆነው ሕጉ የላላው በኋላ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2020። የኛም ደንብ ይከለክላል። ይህን የምነግራችሁ ሳናውቅ አጠፋን እንዳትሉኝ ነው፣ እናውቃለን።

ደግሞም መጠጡ ነበረ። ማሪሳ አለ፣ ከማሽላ የሚጠመቅ፣ የኛን ጠላ የመሰለ። ዐረጊም አለ፣ ከቴምር የሚወጣ። የሚጠምቁት ሴቶች ናቸው፣ ብዙዎቹ ከቀያቸው ተፈናቅለው ካምፕ ውስጥ ያሉ። ባል የለ፣ እርሻ የለ፣ ልጅ አለ። ፖሊስ ሲመጣ እንስራቸውን ይሰብርባቸዋል፣ እነሱንም ይወስዳቸዋል፣ ሲለቀቁ ተመልሰው ይጠምቃሉ። ይህን ሳይ እማዬ ነበር ትዝ የምትለኝ። እዚያ ብትወለድ ያንኑ ነበር የምታደርገው።

አንድ ቀን ለሥራ ወጥተን፣ ገበያ ዳር፣ አንዲት ሴት አየን። ከፊቷ ጨርቅ የተሸፈነ እንስራ። ሽታው ከሩቅ ነው የያዘኝ፣ የደረሰ ድፍድፍ ሽታ። ቆምኩ። አስተርጓሚው ሳቀብኝ። ሴትዮዋ በቅል ቀዳች፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ራሷ ፉት አለችና ዘረጋችልኝ። ማንም ሳይጠይቃት። ቅሉን ስቀበል እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ እውነቴን ነው። አንድ ጉንጭ ነው የጠጣሁት። ኮምጣጣ ነው፣ ማሽላው አፍ ላይ ይቀራል። መኪናው ውስጥ ስንመለስ ማንንም አላናገርኩም።

እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ባለኝ። አያበቃም።

የ2002 ገና ነው። ታኅሣሥ 29። ዶሮ የለም፣ ዳቦ ጋግረናል፣ እማዬ የላከችልኝን የጅማ ቡና ቆልተናል፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ነው በሐሳብ። አንድ ሾፌር፣ የኛ ሰው አይደለም፣ ዕቃ የሚያመላልስ፣ በውሃ ፕላስቲክ የተሞላ ዐረጊ አመጣ። ሁለት ሊትር። ከየት አመጣኸው? "ከከተማ" አለ። ገንዘቡን ተቀበለ፣ ሄደ። ቸኩሎ ነበር።

ጠርሙሱ መሀላችን ተቀመጠ። ስድስት ነን። ሁሉም ዞሮ ማንን ቢያይ ጥሩ ነው? እኔን። የአረቄ አውጪ ልጅ! ስንት ጊዜ ጉራዬን ነዝቼባቸዋለሁ። ዳግሙን ከተራው በሽታ ብቻ እለያለሁ፣ ጌሾው ስንት ቀን እንደቆየ እነግራችኋለሁ እያልኩ። አሁን በሉ ተባልኩ።

ክዳኑን ከፈትኩ። አሸተትኩ። ንጹሕ ነው። ጭስ ጭስ አይልም፣ አይቆመጥጥም። ክብሪትም ጫርኩበት፣ በሰማያዊ ነደደ። ከንፈሬን አስነካሁ። እኔ ሌሊት ሬዲዮ ላይ ተረኛ ስለነበርኩ ከዚያ በላይ አልጠጣሁም። ጠርሙሱን ለቀጣዩ ሰጠሁና "ደህና ነው" አልኩ።

ደህና ነው። ሁለት ቃል ነው።

አንድ አስር አለቃ ነበረ፣ አብሮኝ አንድ ድንኳን የሚያድር፣ የቅርብ ወዳጄ። ከሁሉም የበለጠ የጠጣው እሱ ነው። ሌሊቱን ሳቀ፣ ዘፈነ፣ ተኛ። ጠዋት ሁሉም ራሴን አለ፣ ሁለቱ አስታወኩ፣ የገና ነው ብለን ተሳሳቅን። ከሰዓት በኋላ አስር አለቃው አልጋው ላይ ተቀምጦ "ጭጋግ ገባ እንዴ?" አለኝ። ዳርፉር፣ ጥር ሊገባ ምንም ያልቀረው፣ ፀሐዩ ድንጋይ ይሰነጥቃል። ምን ጭጋግ አልኩት። "ነጭ ነገር ነው የማየው፣ እንደ ብናኝ" አለኝ። እጁን ዓይኑ ፊት እያወዛወዘ።

ያኔ ነው ተነስቼ የሮጥኩት።

ሐኪሙ የጠየቀን መጀመሪያ ስንት ሰዓት ጠጣችሁ ነው። ተናገርን። ቅጣቱን ማን ያስባል። በሄሊኮፕተር ወሰዱት። ሌሎቹም ታከሙ፣ ተረፉ። እሱም ተረፈ። የቀኝ ዓይኑ ቀስ በቀስ ተሻለው፣ የግራው ግን ብርሃንና ጥላ ከመለየት አላለፈም።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ለዓመታት። መጠጥ ሲያወጡ የሚገኘው ኢታኖል ነው። ወንድሙ ሜታኖል ይባላል፣ ለኢንዱስትሪ፣ ለማሟሟቻ የሚውል። በእህል አረቄ ውስጥ ሜታኖል ቢኖር በጣም ጥቂት ነው። ሰው የሚጨርሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ስግብግብ የኢንዱስትሪውን አልኮል ጨምሮ ሲያበዛው ነው። ጉበት ሜታኖሉን ይቀይረውና መጨረሻ ላይ ፎርሚክ አሲድ ይሆናል፣ ያ አሲድ የዓይንን ነርቭ ይበላል። 10 ሚሊ ሊትር ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ። ወዲያው አይታወቅም፣ ሰዓታት አልፎ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ነው የሚመጣው። የጉድ ጉድ ደግሞ ማርከሻው ራሱ ኢታኖል ነው። ጉበት እሱን ስለሚያስቀድም ሜታኖሉ ሳይቀየር ቀስ እያለ ይወጣል። ሌላ መድኃኒትም አለ። ሐኪም ቤት ነው ታዲያ የሚሰጠው፣ ደግሞ አንዱ ሰምቶ በአረቄ አክማለሁ እንዳይል።

አንድ ነገር ፈልጌ ፈልጌ ነበር የማነበው። በሽታ ይለያል ወይ? አይለይም። ቢቀላቀል አፍንጫ አያውቀውም፣ ምላስም አያውቀውም። እሳቱም አይነግርህም፣ ሁለቱም ይነዳሉ። ይህን ሳነብ ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር። የባሰ ከበደኝ። መለየት ባልችል ኖሮ ምንም አልነበረም። ጥፋቱ እለያለሁ ማለቴ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ባሕር ሰርጓጅ ሰዎች የቶርፒዶውን ነዳጅ ይጠጡ ነበር፣ ያው ኢታኖል ስለሆነ፣ በአናናስ ጭማቂ እየቀላቀሉ። አለቆች እንዳይጠጣ ብለው ሆድ የሚያጣጥፍ ዘይት ጨመሩበት። ሰዎቹ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ዘይቱን ለመለየት መርከቡ ውስጥ ማውጫ ሠሩ። ጎበዝ ናቸው እላለሁ። ግን የሞቱም፣ የታወሩም አሉ፣ በሌላ ጠርሙስ። ያቺን "ደህና ነው" ያላቸው አንድ ሰው ነበረ። እሱ ሰውዬ በኋላ ምን ሆነ እያልኩ ነው ሁልጊዜ የማስበው። ማንም ስለሱ አይጽፍም።

ጅማ ስመለስ ለእማዬ ነገርኳት። እሳት ዳር ነበረች፣ አረቄ ማውጣቱን ትታዋለች፣ ጉልበቷ አልቻለም። እንዴት እንዳሸተትኩት፣ እንዴት እንደነደደ፣ ከንፈሬን እንዳስነካሁ፣ ሁሉንም በዝርዝር ነገርኳት፣ ልክ እንደ ፈተና። የት ላይ እንደተሳሳትኩ እንድትነግረኝ። የሆነ ምልክት ይኖራል፣ ሳላየው ያለፈኝ፣ እሷ የምታውቀው።

እስከ መጨረሻ ሰማችኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"ሰውየው ቀምሶ ነው የሰጣችሁ?"

አልቀመሰም አልኳት። ቸኩሎ ነበር።

እሳቱን ቆሰቆሰች። ሌላ አልጠየቀችኝም። እኔም አስተርጓሚ ይዤ በሄድኩበት ሀገር፣ ከማላውቃት ሴት እጅ፣ ሳልጠይቃት ያገኘሁትን ነገር ነው የማስበው። ቅሉን ዘርግታልኝ የነበረችዋን። ልጅ ሆኜ ስንት ሺህ ጊዜ ያየሁትን።

አስር አለቃው ከጦሩ ወጥቶ ወደ ሰሜን ሸዋ ነው የገባው። እንደዋወላለን። በስልክ ስናወራ ዓይኑን አያነሳም፣ እኔም አላነሳም። ስለ ልጆች፣ ስለ ጤፍ ዋጋ። ባለፈው ዓመት፣ ጥምቀት አልፎ፣ ሳይነግረኝ ከተፍ አለ። ከአጂፕ ደውሎ "ጅማ ነኝ፣ ና ውሰደኝ" አለኝ።

እማዬ ማን እንደሆነ አልነገርኳትም። ግን አወቀች። ፊቱን ስትስመው ወደ ግራ ጎኑ ሄዳ ነው የሳመችው፣ ከዚያ በቀኝ በኩል እንድትታየው ዞራ ተቀመጠች። ምሳ በላን። ቡና ተፈላ። አቦል ካለቀ በኋላ ተነስታ ጓዳ ገባችና ትንሽ ጠርሙስ ይዛ መጣች። ድሮ ካወጣችው የቀረች ናት፣ የመጨረሻዋ፣ ለወገቧ ነው የምትላት።

እኔ "እማዬ ተይ" ልል አፌን ከፈትኩ። አስር አለቃው ዝም ብሎ ጠርሙሷን ያያል። ልቤ ሲመታ ይሰማኛል።

መለኪያውን ሞላች። ከመለኪያው ጠብታ በመዳፏ ላይ አንጠባጠበች። ቀመሰች። ጊዜ ወስዳ፣ ዓይኗን ጨፍና። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

እሱ እጁን ዘረጋ። በግራ በኩል ስለነበረ መለኪያውን ስቶ ጠረጴዛውን ነው የዳሰሰው፣ አንዴ፣ ሁለቴ። እማዬ ምንም አላለችም። መለኪያውን በጣቷ ገፋ አድርጋ ከእጁ ሥር አስገባችለት።